ስለ ጉድፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ለጎንደር ወላጆችና መምህራን

ጉድፍ አንድ ክፍል ውስጥ ከገባ በአንድ ተማሪ ብቻ አያበቃም። በአራዳም ሆነ በማራኪ፣ በአዘዞም ሆነ በቀበሌ 18 አካባቢ ወላጆች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው፤ ልጁ ምን ያህል ቀን ይቅር፣ ገላውን ልጠበው ወይስ አልጠበው፣ መርፌ ይወጋ ወይስ መርፌ ይገድለዋል የሚሉት ሁልጊዜ ይነሣሉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተዘጋጁት ወላጅ ቤት ውስጥ ማድረግ የሚችለውን እና ለጤና ባለሙያ መተው ያለበትን ለመለየት እንዲረዱ ሲሆን፣ ባለሙያ ልጁን አይቶ የሚሰጠውን ምክር አይተኩም።

ጉድፍ ምንድን ነው? ምንስ ያመጣዋል?

ጉድፍ ቫሪሴላ ዞስተር በሚባል ቫይረስ የሚመጣ፣ በመጠነኛ ትኩሳትና በሚያሳክክ፣ ውሃ በሚቋጥር ሽፍታ የሚታወቅ ተላላፊ በሽታ ነው። ብርድ፣ ፀሐይ፣ ምች ወይም የሰው ዓይን አያመጣውም። ሽፍታው በብዛት ከደረት፣ ከጀርባና ከፊት ይጀምርና ወደ ቀረው የሰውነት ክፍል ይዳረሳል፤ በራስ ቅል ላይ፣ በአፍ ውስጥና በብልት አካባቢም ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ከዚያ ከፍ ይላል፣ በሰዓታት ውስጥ ጥርት ያለ ውሃ ይቋጥራል፣ በመጨረሻም ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል። ክትባት ባልወሰደ ልጅ ላይ ከ250 እስከ 500 የሚደርስ ሽፍታ መውጣቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ብዛቱን አይቶ ብቻ መደንገጥ አያስፈልግም።

ዋናው መለያው ሽፍታው በአንድ ጊዜ አለመውጣቱ ነው። ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት ያህል በየተራ እየወጣ ስለሚቀጥል፣ በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ አዲስ ቀይ ነጥብ፣ ውሃ የቋጠረና የደረቀ ጎን ለጎን ይታያሉ። አያቶች የሚያስታውሱት ፈንጣጣ ግን እንዲህ አልነበረም፤ የፈንጣጣ ቁስል በአንድ አካባቢ ሁሉም በእኩል ደረጃ ላይ ይገኝ ነበር፣ የሚበዛውም በፊት፣ በእጅና በእግር ላይ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በ1980 ታውጇል። ስለዚህ ዛሬ ልጅዎ ላይ የሚያዩት ፈንጣጣ ሊሆን አይችልም።

ጉድፍን ከኩፍኝ በምን እለየዋለሁ?

ይህ በዚህ ገጽ ላይ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ትኩረት የሚሻው ነው፤ ምክንያቱም ኩፍኝ ከጉድፍ በጣም የሚከብድና በአገራችን አሁንም ሕፃናትን የሚገድል በሽታ ነው። በኩፍኝ ልጁ ሽፍታው ከመውጣቱ ሦስትና አራት ቀን አስቀድሞ በከፍተኛ ትኩሳት፣ በሳል፣ በንፍጥና በዓይን መቅላት ክፉኛ ይታመማል። ሽፍታው የሚጀምረው ከጆሮ ጀርባና ከፊት ሲሆን፣ ወደ ታች እየወረደ ሰውነትን ያለብሳል፤ ቀይና ጠፍጣፋ፣ አንዳንዴም እርስ በርሱ የተያያዘ እንጂ ውሃ የቋጠረ አይደለም። በጉድፍ ግን ብዙ ልጆች እስከ ዋዜማው ድረስ ሲጫወቱ ቆይተው ሽፍታው ሲወጣ ነው የሚታወቅባቸው። ጉድፍ በጣም ያሳክካል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ የዓይን መቅላትና ጠንካራ ሳል ግን አብዛኛውን ጊዜ የለበትም።

ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ሳልና የዓይን መቅላት በአንድ ላይ ያየ ወላጅ ቤት ሆኖ መጠበቅ የለበትም። ኩፍኝ የተጠረጠረበት ልጅ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ እዚያም ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፣ ጉዳዩም ሪፖርት ይደረጋል። ወደ ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ደግሞ በር ላይ ላለው ሠራተኛ አስቀድመው ይንገሩት፤ ኩፍኝም ጉድፍም በተጠባባቂ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሕፃናት ጋር እንዲቀላቀሉ የሚፈለጉ በሽታዎች አይደሉም።

ልጄ የኩፍኝ ክትባት ወስዷል። ታዲያ ጉድፍ እንዴት ያዘው?

የኩፍኝ ክትባት የሚከላከለው ኩፍኝን ነው። ቫይረሶቹ የተለያዩ ስለሆኑ በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠው ክትባት ጉድፍን አያስቀርም። ክትባቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ የሚቀጥለውንም ልጅ በወቅቱ ከማስከተብ ወደኋላ አይበሉ።

እከክ ወይም ኤምፖክስ (ቀድሞ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል የነበረው) ሊሆን አይችልም?

እከክ በሰሜን ጎንደርና በአካባቢው የማይታወቅ በሽታ ስላልሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። እከክ ግን ትኩሳት የለውም፤ ለሳምንታት ይቆያል፣ ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል፣ የሚወጣውም በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብትና በወገብ አካባቢ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አባትም እናትም አብረው የሚያኩ ከሆነ ወደ እከክ ያደላል።

ኤምፖክስ በጉድፍ ሊሳሳት ይችላል። በኤምፖክስ ቁስሉ ጠጠር ያለና ወፍራም ነው፣ በውስጥ እጅና በእግር መዳፍ ላይ በብዛት ይወጣል፣ አንገት፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ ያሉ ንፍፊቶችም ያብጣሉ። እነዚህን ምልክቶች ካዩ፣ በተለይም ልጁ ሽፍታ ካለበት ከሌላ አካባቢ ከመጣ ሰው ጋር ተገናኝቶ ከሆነ፣ ባለሙያ ይየው።

እንዴት ይተላለፋል? ከተጋለጠ በኋላ በስንት ቀን ይወጣበታል?

ቫይረሱ የታመመው ልጅ ሲያስነጥስ፣ ሲያስል ወይም ሲናገር በአየር ይተላለፋል፤ ከሽፍታው በሚወጣው ውሃ ንክኪም ይተላለፋል። ጉድፍ ይዟቸው የማያውቅ ሰዎች በአንድ ቤት ከታማሚ ጋር ሲኖሩ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ይያዛሉ። ሦስት ተማሪ በአንድ ዴስክ በሚቀመጥበትና መስኮቱ በብርድ ምክንያት ተዘግቶ በሚውልበት ክፍል ውስጥም ነገሩ ከዚህ ብዙም አይሻልም።

ከተጋለጠበት ቀን አንሥቶ ሽፍታው እስኪወጣ ከ10 እስከ 21 ቀን ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 16 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። አስቸጋሪው ነገር ልጁ ማስተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ መሆኑ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ከማን እንደያዘው ፈልጎ የጎረቤትን ልጅ መውቀስ ትርጉም የለውም፤ የዚያ ልጅ እናትም በዚያን ቀን አታውቅም ነበር።

ከትምህርት ቤት ስንት ቀን ይቅር?

መልሱ በቀን ቁጥር ሳይሆን በቅርፊቱ ይወሰናል። የመጨረሻው ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እስኪደርቅና ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ልጁ ያስተላልፋል፤ ይህም ሽፍታው ከታየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። አዲስ ሽፍታ መውጣቱ ካቆመና ያለው ሁሉ ከደረቀ ልጁ መመለስ ይችላል። ቅርፊቱ ተራግፎ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደረቅ ቅርፊት አያስተላልፍም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቆዳው ሙሉ በሙሉ እስኪጠራ ድረስ ልጁን አንቀበልም ይላሉ፤ በዚህ ምክንያት ልጁ ሁለትና ሦስት ሳምንት ትምህርት ያጣል፣ ማንንም ግን ከበሽታው አይጠብቅም።

እስከዚያው የቄስ ትምህርት ቤትም፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም፣ መድረሳም፣ የሰፈር ኳስም ይቅርበታል። ትምህርት ቤት ያልሄደ ልጅ ባጃጅ ውስጥ ታጭቆ ገበያ መሄዱ መቅረቱን ከንቱ ያደርገዋል።

ፈተና ቢደርስበትስ?

ለርእሰ መምህሩ አስቀድመው ያሳውቁ፤ የጤና ጣቢያ ማስረጃም ይዘው ይቅረቡ። የክፍል ፈተና በሌላ ቀን ሊሰጥ ይችላል። የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች ግን ቀናቸው የተቆረጠ ስለሆነ፣ ልጁ አቅም ካለው ለብቻው በሌላ ክፍል የሚፈተንበት መንገድ መኖሩን መጠየቅ ይገባል። ለመፈተን ሲባል ሽፍታውን በልብስ ሸፍኖ ዝም ብሎ ማስገባት ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ነፍሰ ጡር ፈታኝ ልትኖር እንደምትችል መርሳት ነው።

ለትኩሳቱ ምን ልስጠው?

ፓራሲታሞል ይበቃል። መጠኑ የሚሰላው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ ይሰጣል፣ በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት መቆየት አለበት፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ በላይ አይሰጥም። ለምሳሌ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ይወስዳል። የሽሮፑ ጥንካሬ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፣ ካልገባዎት የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ በስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ ያጽፉት። የሻይ ማንኪያ እንደየቤቱ ይለያያልና ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ይጠቀሙ።

አስፕሪን ለልጅ በፍጹም አይሰጥም፤ ጉድፍ በያዘው ልጅ ላይ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ፣ ሬይ ሲንድሮም የተባለ ከባድ ችግር ሊያስከትል ይችላል። አይቡፕሮፌንም በጉድፍ ጊዜ ከከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ጋር ተያይዞ ስለታየ ቢቀር ይሻላል። ለአያት ራስ ምታት ወይም ለልብ ተብሎ ቤት የተቀመጠ ክኒን ካለ ስሙን አይተው ከልጁ ያርቁት።

ማሳከኩ እንቅልፍ ነሥቶታል። ምን ይረዳዋል?

ጥፍሩን አጭር አድርገው ይቁረጡለት፣ እጁንም በቀን ደጋግሞ በሳሙና ይታጠብ። ለሕፃን ሌሊት እጁ ላይ ንጹሕ ካልሲ ማልበስ ጥሩ ዘዴ ነው። ልብሱ ስስና ሰፊ የጥጥ ልብስ ይሁን፤ ላብ ማሳከክን ያብሳልና ብርድ እንዳይመታው ብለው ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ አይደርቡበት። ካላሚን የተባለው ሮዝ ቅባት በብዙ መድኃኒት ቤቶች ይገኛል፣ ቆዳውን ያቀዘቅዝለታል፤ በዓይን አካባቢና በአፍ ውስጥ ግን አይቀባም። ማሳከኩ ካልቀለለ ባለሙያ እንደ ሴትሪዚን ወይም ክሎርፌኒራሚን ያለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

ገላውን መታጠብ ይችላል? ውሃ ከነካው ሽፍታው ወደ ውስጥ ይገባል ይባላል።

ይችላል፤ መታጠብም አለበት። ሽፍታ ወደ ውስጥ አይገባም። ያልታጠበና ያከከ ቆዳ ላይ ግን ባክቴሪያ ይገባል፣ ጉድፍ በጤነኛ ልጅ ላይ ከሚያስከትላቸው ችግሮች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚታየውም ይኸው የቆዳ ኢንፌክሽን ነው። ለብ ባለ ውሃ፣ ሳይፈትጉ፣ በቀን አንድ ጊዜ ማጠብና በንጹሕ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሙሉ ገላ ማጠብ የማይቻልበት ቀን ይኖራል፤ ያን ዕለት በአንድ ጆግ ለብ ያለ ውሃና በንጹሕ ጨርቅ ማበስ፣ እጅና ጥፍርን ደግሞ በሳሙና ማጠብ በቂ ነው። ፎጣው ለብቻው ይሁን።

ፀሐይና የምግብ ሽታ ያብሰዋል ተብሎ ልጁን በጨለማ ክፍል መዝጋትም የተለመደ ነው። ከሌላው ሕፃን መለየቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ መስኮት መዝጋቱ ግን ለማንም አይበጅም፤ ክፍሉ አየር ይግባው። ልጁ በሚተኛበት ክፍል ሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላትና እጣን ማጨስ ለሳንባው አይስማማም፤ ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ።

መርፌ ይወጋ ወይስ አይወጋ?

ሁለት ተቃራኒ ወሬዎች አሉ፤ አንዱ ሽፍታ የወጣበት ልጅ መርፌ ከተወጋ ይሞታል የሚል፣ ሌላው ያለ መርፌ አይድንም የሚል ነው። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ጉድፍ የቫይረስ በሽታ ስለሆነ በአሞክሲሲሊንም ሆነ በፔኒሲሊን መርፌ አይሽርም፤ ጤነኛ ልጅ ላይ በራሱ ጊዜ ያልፋል። በአንጻሩ ቁስሉ ባክቴሪያ ከገባበትና መግል ከያዘ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፣ ባለሙያው መርፌ ካዘዘም መፍራት አያስፈልግም።

በጣም መጠንቀቅ የሚገባው ከስቴሮይድ ነው። እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ማሳከክን ለጊዜው ያስታግሱ ይሆናል፣ ነገር ግን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ቀላሉን ጉድፍ ለሕይወት አስጊ ሊያደርጉት ይችላሉ። ያለ ማዘዣ «ለአለርጂ» ተብሎ የሚሰጥ መርፌ ወይም ቅባት ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አይቀበሉ። ልጅዎ ለአስም ወይም ለኩላሊት ሕመም ስቴሮይድ በመደበኛነት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ በራስዎ አያቋርጡት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ ይውሰዱት።

ቅቤ፣ እሬት፣ ዳማከሴ ወይም ሌላ ቅጠል ብቀባውስ?

በተከፈተ ቁስል ላይ ንጽሕናው ያልተረጋገጠ ነገር መቀባት ለባክቴሪያ በር መክፈት ነው። ቅቤ ቆሻሻና ዝንብ ይይዛል፣ የተወቀጠ ቅጠልም ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ሲቀቡ ቆዳ ማቃጠላቸው የታወቀ ነው። ጠባሳ የማይፈልግ ሰው ምንም አለመቀባትን ከመረጠ አይሳሳትም።

ጠበል መውሰድ ይቻላል?

እምነቱን የሚከለክል ሐኪም የለም። ጥያቄው ጠበሉ ሳይሆን ጠበሉ ዘንድ ያለው ሕዝብ ነው፤ እዚያ ነፍሰ ጡር፣ አራስ ሕፃን የታቀፈችና በጽኑ የታመመ ሰው ይሰለፋል። ቅርፊቱ እስኪደርቅ ጠበሉን ቤት አምጥቶ መጠቀም ለሁሉም ይስማማል፣ የንስሐ አባትም ይህን አይቃወሙም። የታዘዘ መድኃኒት ካለ በጠበል ምክንያት አይቋረጥ።

ለጥምቀት የመጣ ጥያቄም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጥር 10 ቀን ሽፍታ የወጣበት ልጅ፣ ከመዘምራኑ ጋር የሚለብሰው ልብስ የተሰፋለት ቢሆንም፣ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ከሚወርደው ሕዝብ መካከል መግባት የለበትም። ማልቀሱ አይቀርም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

ምን ይብላ?

የሚወደውን። ትኩሳት ላይ ያለ ልጅ ከምግብ ይልቅ ፈሳሽ ያስፈልገዋልና ውሃ፣ አጥሚት፣ ሾርባና ወተት ቶሎ ቶሎ ይስጡት። አፉ ውስጥ ቁስል ከወጣ በርበሬ፣ ጨው የበዛበትና ሎሚ ያቃጥለዋል፤ ለስለስ ያለ ገንፎ፣ እርጎ ወይም ሙዝ ይሻለዋል። በጾም ወቅት ከሆነ ለታመመ ልጅ ወተትና እንቁላል መስጠት ያሳስባቸው እናቶች አሉ፤ የንስሐ አባትዎን ቢጠይቁ ልጁ እንዲበላ እንደሚነግሩዎት አያጠራጥርም።

መቼ ነው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል የምወስደው?

ልጁ መጠጣት ወይም ጡት መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ አንድም ሰዓት አይጠብቁ። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። አንገቱ ከደረቀ፣ ብርሃን ከፈራ፣ ወይም ሲራመድ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ቫይረሱ አንጎልን ነክቶ ሊሆን ስለሚችል አፋጣኝ ምርመራ ያስፈልጋል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያልፈው ምልክት የትኩሳት መመለስ ነው። የጉድፍ ትኩሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሰ መሄድ አለበት፤ ከአራት ቀን በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ጠፍቶ ከነበረ በኋላ እንደገና ከፍ ካለ፣ ወይም በአንድ ሽፍታ ዙሪያ ያለው ቆዳ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሞቆና ሲነካ የሚያም ሆኖ ከተስፋፋ ባክቴሪያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ ላይታይ ስለሚችል በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ጀርባ ሙቀቱንና ጥጥር ማለቱን ይዳስሱ። በዓይን ውስጥ ወይም በዓይን ጠርዝ ላይ የወጣ ሽፍታም ባለሙያ ይየው።

በቅርብ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይሻላል፤ የጤና መድን ላለው ቤተሰብም መንገዱ ይኸው ነው። ከበድ ያለ ከሆነ ጤና ጣቢያው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል። በዚህ መልስ መጀመሪያ ላይ የተጠቀሱት ምልክቶች ካሉ ግን ወረቀት ለማሟላት ሳይዘገዩ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ልጄ ጉድፍ ወጣበት። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ እናትዎን ወይም ያሳደገዎትን ሰው በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት እንደነበር ይጠይቁ። ወጥቶብዎት ከነበረ እርስዎም ፅንሱም የሚያሰጋችሁ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ካልወጣብዎት ወይም ማንም ካላስታወሰ፣ ሽፍታ እስኪወጣብዎት ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የእርግዝና ክትትል ወደሚያደርጉበት ቦታ ይሂዱ፤ ከተጋለጡ በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት ለሐኪሙ የመከላከያ አማራጭ ይሰጡታል። ነፍሰ ጡር ሴት በጉድፍ ስትያዝ ለከባድ የሳንባ ምች ትጋለጣለች። በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ 20 ሳምንታት ከሆነ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ባይደርስም፣ ፅንሱ ላይ የአካል ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ጊዜ የወሊድ ዋዜማ ነው። እናት ከመውለዷ 5 ቀን በፊት ጀምሮ ከወለደች 2 ቀን በኋላ ባለው ጊዜ ውስጥ ሽፍታ ከወጣባት፣ ሕፃኑ ከእናቱ መከላከያ ሳያገኝ በቫይረሱ ስለሚያዝ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለች እናት በጤና ተቋም መውለድና ለሐኪሞቹ መንገር አለባት። ለአራስ ጥየቃ የሚመጡ ሰዎችም ሽፍታ የወጣበት ልጅ ይዘው ወደ አራስ ቤት እንዳይገቡ ያለ ይሉኝታ መንገር ያስፈልጋል።

ለሌሎችስ ለማን ያሰጋል?

ኤችአይቪ በደሙ ያለበትና መድኃኒቱን በሚገባ የማይወስድ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ስቴሮይድ የሚወስድና በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ጉድፍ ይጸናበታል። ለእነዚህ ልጆች አሲክሎቪር የተባለው የቫይረስ መድኃኒት ቶሎ መጀመር አለበት፤ ይበልጥ የሚጠቅመውም ሽፍታው በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆችና ጎልማሶችም ከሕፃናት ይልቅ በብርቱ ይታመማሉ።

ይህ ለእኛ ከተማ ተራ ነገር አይደለም። ሞቃት በሆኑ የዓለም ክፍሎች ብዙ ሰዎች ጉድፍ ሳይዛቸው ለዐቅመ አዳም እንደሚደርሱ ይታወቃል፤ ስለዚህ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ወጣት መምህር ገና ያልያዘው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሽፍታው ሲጀምረው «የልጅ በሽታ ነው» ብሎ ዶርም ውስጥ መተኛት የለበትም፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከጨመረበት ደግሞ ሆስፒታል ይሂድ።

ሌሎቹ ልጆቼ እንዳይያዙ ምን ላድርግ?

እውነቱን ለመናገር፣ ሽፍታው በታየበት ቀን ወንድምና እኅቱ ተጋልጠው አልቀዋል። ክፍል መለየት የሚቻልበት ቤት ካለ ይለዩ፤ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ግን እናትን በማይቻል ነገር ማስጨነቅ አይገባም። ቢያንስ መኝታ፣ ፎጣና ልብስ ለብቻ ይሁን። ጤነኞቹ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላሉ፣ ነገር ግን ከ10ኛው እስከ 21ኛው ቀን በየጠዋቱ ደረትና ጀርባቸውን እየገለጡ ይዩ፤ አንድ ነጥብም ቢታይ ያን ዕለት ይቅሩ። በአንድ ቤት ሁለተኛ የሚታመመው ልጅ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የበዛ ሽፍታ ይወጣበታል፤ ቫይረሱ በብዛትና በቅርበት ስለሚያገኘው ነው። ሆን ብሎ «አብረው ይውጣላቸው» ብሎ ማስተኛት የሚመከር አይደለም፤ ለማን እንደሚጸናበት አስቀድሞ አይታወቅም።

አንዴ ከወጣ ተመልሶ ይወጣል? አልማዝ ባለጭራስ ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው?

ጉድፍ ሁለተኛ ጊዜ መውጣቱ ከስንት አንዴ ነው። ቫይረሱ ግን ከሰውነት አይወጣም፤ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይቀመጥና ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በእርጅና ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም፣ በአንድ ጎን ብቻ መስመር ይዞ የሚወጣና እንደ እሳት የሚያቃጥል ሽፍታ ይሆናል። አልማዝ ባለጭራ የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ አያት ከልጅ ልጃቸው ጉድፍ አልማዝ ባለጭራ አይይዛቸውም። ተቃራኒው ግን ይሆናል፤ አልማዝ ባለጭራ የወጣባቸው አያት የቁስሉን ውሃ የነካ ሕፃን ጉድፍ ሊይዘው ይችላልና ቁስሉ እስኪደርቅ ተሸፍኖ ይቆይ።

መምህር ምን ማድረግ አለበት?

ልጁን በክፍል ፊት ሳያሳፍር ለብቻው አስቀምጦ ወላጅ መጥራት፣ ለሌሎቹ ወላጆች የልጁን ስም ሳይጠቅስ ክፍሉ ውስጥ ጉድፍ መታየቱን ማሳወቅ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ መምህራንን ወዲያው መንገርና መስኮት መክፈት። የማሳወቁ ሥራ በይሉኝታ የሚዘለል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ክፍል ኤችአይቪ ወይም ካንሰር እንዳለበት ለትምህርት ቤቱ ያልተናገረ ልጅ ቢኖር፣ ወላጆቹ በጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በዚህ ማሳሰቢያ ብቻ ነው። ብዙ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙ በቅርብ ላለው ጤና ጣቢያ ሪፖርት ይደረግ፤ ጉድፍ የመሰለው ኩፍኝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ክትባት አለው?

አለው። ክትባቱ በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጃፓን የተሠራ ሲሆን፣ አሜሪካ ከ1995 ጀምሮ ለሕፃናት ትሰጠዋለች፣ በዚያም በሽታው በእጅጉ ቀንሷል። በኢትዮጵያ ግን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አልተካተተም። በቤታችሁ መከላከያው የተዳከመ ሰው ካለ የሕፃናት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ሕያው ቫይረስ የተዳከመበት ክትባት ስለሆነ ለነፍሰ ጡርና መከላከያው በጣም ለተጎዳ ሰው አይሰጥም፣ በዙሪያቸው ላሉት ጤነኞች ግን ሊሰጥ ይችላል።

ጠባሳ ይተዋል?

ያልታከከና ያልመገለ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ አይተውም። ቆዳው ላይ ለወራት የሚቆይ የጠቆረ ወይም የነጣ ምልክት ጠባሳ አይደለም፤ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ማንጫ ቅባት በልጅ ፊት ላይ አይቀባ፤ ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ያለባቸው ናቸው። ቅርፊቱንም በጥፍር አያላቅቁ፣ ራሱ ይርገፍ።